የቡቺ ልብ ስንት አከርካሪ ነው?

የጥምቀት ማግስት እማዬ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ቡቺ ሌሊቱን ሙሉ ስትስል አደረች። የሆነ ነገር ያነቃት ትመስላለች» አለችኝ። ቡቺ ነጭ፣ ጠጉረ ብዙ፣ ከድመት ብዙም የማትበልጥ ውሻ ናት። 11 ዓመቷ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ እማዬ ቤት ውስጥ የምታዋራው እሷን ነው።

እኔ የራጅ ባለሙያ ነኝ። የሰው ማለቴ ነው።

መጀመሪያ የወሰድናት ቦታ ራጅ ተነሳች። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አዩትና «ልቧ ደህና ነው፤ ብርድ ነው» ተባልን። ጥር ነው፣ የጎንደር ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ብርድ ነው ሲሉን አመንን። አንቲባዮቲክ ታዘዘላት። አሥር ቀን ዋጠች። ሳሉ ግን ባሰባት። እማዬ ጋቢዋን አልብሳት አብራት ቁጭ ብላ ታድር ጀመር። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ያ አሥር ቀን ነው። ፊልሙን እኮ እኔም አይቼው ነበር። እኔም በዓይኔ ገምቼ «ደህና ይመስላል» ብያለሁ።

የሰው ደረት ላይ የለመድነው መለኪያ ቀላል ነው። የልቡ ስፋት ከደረቱ ስፋት ግማሽ ካለፈ እንጠረጥራለን። ውሻ ላይ ይሄ አይሠራም። የአንዱ ውሻ ደረት ጠባብና ጥልቅ ነው፣ የሌላው እንደ በርሜል ክብ ነው። ጤነኛው ልብ አንዱ ጋ ትልቅ፣ ሌላው ጋ ትንሽ መስሎ ይታያል።

የእንስሳት ሐኪም የሆነ አብሮ አደግ አለኝ። እማዬን ሊጠይቅ መጣና ያንኑ ፊልም ሳሎኗ መስኮት ላይ በፕላስተር ለጠፈው። «ውሻ መለኪያዋን ራሷ ይዛ ነው የምትዞረው» አለኝ። የጀርባ አጥንቷን ማለቱ ነው። ቡካናንና ቡሽለር የሚባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጡት ዘዴ ነው። የልቡ ቁመትና ወርድ ስንት አከርካሪ፣ ማለትም ስንት የጀርባ አጥንት አንጓ፣ እንደሚሸፍኑ ቆጥሮ መደመር ነው። የ100 ጤነኛ ውሾችን ራጅ ለክተው የድምሩ አማካይ 9.7 አከርካሪ ሆኖ አገኙት።

ከደብተር አንድ ወረቀት ቀደደ። የወረቀቱን ጠርዝ የመተንፈሻ ቧንቧው ለሁለት ከሚከፈልበት ሥር አስጠግቶ እስከ ልቡ ጫፍ ድረስ ዘረጋውና በእስክሪብቶ ምልክት አደረገ። ቀጥሎ ወረቀቱን አግድም አዙሮ የልቡን ሰፊ ቦታ ለካ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ላይ ወደ ጀርባ አጥንቱ ወሰደው። የደረት አከርካሪዎቹን ቆጥሮ አራተኛው የፊት ጠርዝ ላይ አሳረፈው። ቁመቱ 6.1 አከርካሪ ሸፈነ። ወርዱ 5.3። ድምሩ 11.4። ለአብዛኞቹ ውሾች ጣሪያው 10.5 ነው። ያው ፊልም፣ እኔ «ደህና ይመስላል» ያልኩት!

ጣቱን አንስቶ ሌላም አሳየኝ። ቧንቧው ወደ ጀርባዋ ተገፍቷል። የልቡ የኋላ የላይኛው ጥግ አብጧል። የግራው ላይኛው ክፍል ነው። እሱ ሲያድግ የአየር መንገዱን ይጫናል፣ ሳሉም ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ለእኔ አቀበለኝ። በግራ በኩል ከእያንዳንዱ ምት ጋር «ሹሽ» የሚል ድምፅ አለ። በዕድሜ የገፉ ትንንሽ ውሾች ላይ የልብ በር እየወፈረ ደም ወደ ኋላ ያፈሳል። ውሾችን በብዛት የሚይዘው የልብ በሽታ ይሄው ነው።

እማዬ ቡናውን እየቀዳች «ውሻም እንደ ሰው በልብ ይታመማል እንዴ?» አለች። ማናችንም ቶሎ አልመለስንላትም።

በማግስቱ ሌላ ፊልም አስነሳን፤ ይሄኛውን ግን ራሴ የእርሳስ ሽርጥ ለብሼ ያዝኳት። በቀኝ ጎኗ አስተኛናት። የፊት እግሮቿ ልቧን እንዳይሸፍኑ ወደ ፊት ሳብኳቸው። አየር ሙሉ እስክትስብ ጠበቅን፤ ተንፍሳ ስትጨርስ ከተነሳ ልቡ ካለው በላይ ትልቅ ይመስላላ። ድምሩ 11.5 መጣ። ሳንባዋ ግን ንጹሕ ነው፣ ውኃ አልቋጠረም። እፎይ አልኩ።

ቁጥሩ ብቻውን ፍርድ አይደለም። ቦክሰርና ላብራዶር ጤነኛ ሆነውም ከ10.5 ሊያልፉ ይችላሉ። የወፈረ ውሻም በልቡ ዙሪያ ባለው ስብ ምክንያት ያሳስታል። የልብ አልትራሳውንድ ከተገኘ ውስጡን የሚያሳየው እሱ ነው። እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ፊልሙ ከተነሳ አይቀር ይለካ። ሁለት ደቂቃና አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው የሚፈጀው።

ምክንያቱም መድኃኒት አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ 360 ውሾች የተካተቱበት ጥናት አለ። ልባቸው አድጎ ገና ሳንባቸው ውኃ ላልቋጠረ ውሾች ፒሞቤንዳን ሲሰጣቸው፣ ያ ክፉ ቀን በ15 ወር ገደማ ዘገየላቸው። ለ11 ዓመት ውሻ 15 ወር ቀላል አይደለም። መድኃኒቱን ፍለጋ ጎንደርን አካለልኩ፤ በመጨረሻ ከአዲስ አበባ በሰው መጣልኝ።

አሁን የእማዬ ሥራ ቡቺ ስትተኛ ትንፋሿን መቁጠር ነው። በደቂቃ ከ30 በላይ እየሆነ ከቀጠለ ሳንባዋ ውኃ መያዝ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። እማዬ የምትቆጥረው በጸሎት መቁጠሪያዋ ነው። 30ኛዋ ላይ ቀይ ክር አሰርኩላት፣ ደቂቃውን ስልኳ ይነግራታል። ማታ ማታ ሳትደውልልኝ አትተኛም።

ትናንት 24 ነበር።