በአማኖሃሺዳቴ ያመለጠን ባቡር

ለሥልጠና ወደ ጃፓን የመጡ ኢትዮጵያውያን የውኃ መሐንዲሶችን በአስተርጓሚነት ይዤ ስዘዋወር፣ ከመስክ ጉብኝቱ አንዱ ቀን የተመደበው ለአማኖሃሺዳቴ ነበር። ከኪዮቶ ከተማ በስተሰሜን የሚገኘው ይህ 3.6 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቀጭን የአሸዋ መሬት፣ ጥድ ለብሶ ሚያዙ የሚባለውን ባሕረ ሰላጤ አሶ ከሚባለው የውስጥ ባሕር ይለያል። አዘጋጁ መሥሪያ ቤት ያሰበልን ከካሳማትሱ መናፈሻ ላይ ፎቶ ተነሥተን፣ በጀልባ ተሻግረን ባቡር እንድንይዝ ነበር።

ወጣቶቹ እንደ አገሬው ልማድ ጎንበስ ብለው በእግሮቻቸው መካከል አሻግረው ሲመለከቱ (ሲገለበጥ ወደ ሰማይ የተዘረጋ ድልድይ ይመስላል ይባላል)፣ በዕድሜ የሚበልጡን መሐንዲስ ግን ቆመው በስተግራ ያለውን ዳርቻ ያጤኑ ነበር።

«ይህ ዳርቻ ለምን እንደ መጋዝ ጥርስ ሆነ?» አሉኝ።

ጃፓናዊው አስጎብኚ እንዳስረዳን፣ በተፋሰሱ የተሠራው የአፈር መከላከያና የወደቦች ግንባታ ወደ ዳርቻው የሚመጣውን አሸዋ ስለቀነሰው መሬቱ እየሳሳ ሄደ፤ የቀረውን ለመያዝ ወደ ባሕሩ የገቡ የድንጋይ ክትሮች ተሠሩ፤ አሸዋው በየክትሩ ሥር ሲጠራቀም ዳርቻው ጥርስ አወጣ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ደግሞ ሌላ ቦታ የተከማቸ አሸዋ እየተነሣ ይመለስበታል። ዕድሜ ልካቸውን «ደለል ግድቡን ሞላብን» ሲሉ የኖሩ ባለሙያዎች፣ የደለል እጥረት ያከሳውን መሬት ሲያዩ ዝም አሉ።

«ጋሼ፣ ጀልባው ሊሄድ ነው» አላቸው አንዱ።

«ሂዱበት። ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፤ ክትሩን ግን ማን ያሳየኛል?»

ማንም አልሄደም፤ ሁላችንም በጥዶቹ መካከል በእግር ተጓዝን። እሳቸው በየክትሩ እየቆሙ የቱ ወገን እንደሞላ፣ የቱ እንደተቦረቦረ ሲያሳዩ፣ እኔም እየተረጎምኩ ያን ቀን የሰማሁትን ያህል ስለ አሸዋ ሰምቼ አላውቅም። በስተመጨረሻ ከጣቢያው አጠገብ ስንደርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1923 የተሠራው እየዞረ የሚከፈት ድልድይ ለጀልባ መንገድ ለመልቀቅ ዞሮ ጠበቀን። ባቡሩ አመለጠን።

አስተባባሪው ስለ መዘግየቱ ማብራሪያ ሲጠይቀኝ፣ የመሐንዲሶቹን ጥያቄዎች ዘርዝሬ ጻፍኩለት። እኔም ከዚያ ወዲህ የእንግዶቹን ሙያ ለአስጎብኚው አስቀድሜ ሳልነግር አልወጣም። ለቀጣዩ ቡድን በወጣው መርሐ ግብር ላይ ጀልባው ተሰርዞ፣ ከሰዓት በኋላው በሙሉ ለእግር ጉዞው ተመድቦ አገኘሁት።