ስልክ የማያስፈልገው ክፍል

ዛሬ አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የነበሩ መምህርት ጥቁር፣ ማዕዘናቸው የተቆራረጠ ቅርጾች ያሉባቸውን ወረቀቶች ያሳትሙ ነበር። «ምንድን ናቸው መምህርት?» አልኳቸው።

«ፕሊከርስ የሚባል የስልክ መተግበሪያ ካርዶች ናቸው። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ተማሪዎቼ ካርዳቸውን ያነሳሉ፤ እኔ በስልኬ ካሜራ ክፍሉን እቃኛለሁ። ማን እንደገባው፣ ማን እንዳልገባው ወዲያው ይታየኛል።» ከተማሪዎቹ ማንም ስልክ አያስፈልገውም።

አንዱን ካርድ ሰጡኝና አገላብጬ አየሁት። የእያንዳንዱ ተማሪ ቅርጽ ለየብቻ ነው። በአራቱ ጎኖች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ተጽፏል፤ ተማሪው የመረጠውን ፊደል ወደ ላይ አድርጎ ይይዛል። ፊደሎቹ ግን ጥቃቅን ናቸው፤ አጠገቡ የተቀመጠው አይቶ እንዳይኮርጅ። ልቤን የነካው ይህ ነው። እጁን ማውጣት የሚያፍረው ልጅ ከኋላ ወንበር ሆኖ፣ ማንም ሳይስቅበት፣ መልሱን ለመምህርቱ ብቻ ይናገራል።

ካርዶቹ ከኢንተርኔት በነጻ ይወርዳሉ። ወረቀቱና ቀለሙ ግን ነጻ አይደሉም። «ካርዶቹ ፕላስቲክ ይልበሱ?» አላቸው የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ። ዋጋውን ሲሰሙ «ለአሁኑ ይቅር» ብለው የሕትመቱን ከኪሳቸው ከፈሉ።

ይህ ያንገበግበኛል። ለሒሳብ ጂኦጀብራ የሚባል መተግበሪያ አለ፤ ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ የአሜሪካው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጃቸው፣ ሙከራን በኮምፒውተር የሚያሳዩ የፌት ማሳያዎች አሉ። መምህር በነጻ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ሊያስተምርባቸው ይችላል። የጎደለው ትንሹ ወጪ ነው። ወላጆች፣ ትምህርት ቤት ለስብሰባ ሲጠራችሁ የመምህራኑን የሕትመትና የኢንተርኔት ወጪ ማን እንደሚሸፍን እባካችሁ ጠይቁ።