«ከመቼ ወዲህ ነው አንተ የምትለኝ?»

ቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ስሠራ፣ ከመደበኛ ሥራዬ ጎን ለጎን የመሥሪያ ቤታችን ዕቁብ ዳኛም ነበርሁ። 24 አባላት በየሳምንቱ ሰኞ 2,000 ብር እንጥላለን፤ ዕጣ የወጣለት ሰው 48,000 ብር ይወስዳል። ገንዘቡን በእጅ መሰብሰብ ከቀረ ቆይቷል፤ ሁሉም በስልኩ ወደ እኔ ሒሳብ ያስገባል፣ እኔም ለባለዕጣው አስተላልፋለሁ። ይህ አሠራር ዓመት ከመንፈቅ ያህል ያለ አንዳች እክል ሄዷል፤ ያዘናጋንም ያለ እክል መሄዱ ይመስለኛል።

አንድ እሑድ ማታ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ በቴሌግራም መልእክት ደረሰኝ። የእኅቱ ልጅ በሥዕል ውድድር ላይ እንደሆነች፣ ለማሸነፍም ጥቂት ድምፅ ብቻ እንደቀራት ገልጾ ማስፈንጠሪያ አስከትሏል። ከዚህ ሰው ጋር ከተነጋገርን ዓመት አልፎናል፤ ደውዬ ልጠይቀው የሚል ሐሳብም ሽው ብሎብኝ ነበር። ነገር ግን ለአንዲት ሕፃን ድምፅ ለመስጠት ይህን ያህል ማጣራት ንፍገት መስሎ ታየኝ። ማስፈንጠሪያውን ስጫነው የቴሌግራምን መልክ የያዘ ገጽ ተከፈተና በመጀመሪያ ስልክ ቁጥሬን፣ ቀጥሎም በዚያው ቅጽበት በቴሌግራም የደረሰኝን ባለ 5 አሃዝ ቁጥር ጠየቀኝ። ቁጥሩን ይዞ የመጣው መልእክት፣ የቴሌግራም ሠራተኛ ነኝ ለሚል ሰው እንኳ ቁጥሩን አሳልፌ እንዳልሰጥ በግልጽ ያስጠነቅቃል። አላነበብሁትም ብል ውሸት ይሆንብኛል። አንብቤዋለሁ፤ ግን ቁጥሩን የማስገባው በገጽ ላይ እንጂ ለሰው የምሰጠው አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ድምፅህ ተመዝግቧል የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ እኔም ተኛሁ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ የመጋዘን ኃላፊያችን ቢሮዬ ድረስ መጡ። ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ፣ ድርጅቱ ሲቋቋም ጀምሮ የነበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን አንቱ የምንላቸው ሰው ናቸው። በሩ ላይ ቆመው፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ ስልካቸውን ዘረጉልኝ።

«ከመቼ ወዲህ ነው አንተ የምትለኝ?»

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«እንካ አንብበው!»

«ወንድሜ፣ የዕቁቡ ሒሳብ ስለተቀየረ የዛሬውን በዚህ አስገባልኝ፤ እንዳትረሳ» ይላል፤ ከሥሩ የሒሳብ ቁጥር ተቀምጧል። ከላይ ስሜም ፎቶዬም አለ። የራሴን ስልክ አውጥቼ ስመለከት ግን ለእሳቸው የላክሁት አንዳችም መልእክት አይታይም። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን፤ እሳቸው የምክደው መስሏቸው፣ እኔ ደግሞ የማየውን ማመን አቅቶኝ።

በኋላ እንደተረዳነው ሌባው ሌሊቱን በስሜ ገብቶ የቆዩ መልእክቶቼን ሲያነብ አድሯል። በዕቁቡ የጋራ መስመር ላይ ቢጽፍ እኔም እንደማየው ስለገባው ለእያንዳንዱ ሰው በተናጠል ጻፈ፤ የጻፈውንም ወዲያው ከእኔ በኩል ብቻ አጠፋው። ከሌሎቹ ጋር ብዙ ተጻጽፈን ስለነበር አነጋገሬን፣ ሰኞ ሰኞ የምጽፈውን «እንደምን አደራችሁ» ሳይቀር፣ በጥሩ ሁኔታ ቀድቶታል። ከጋሼ ጋር ግን ሁልጊዜ በአካል እንጂ በጽሑፍ ተነጋግረን ስለማናውቅ የሚቀዳው ነገር አላገኘም። ዕድሜያቸውን አላወቀም፤ አንተ አላቸው። ሐቁን ለመናገር እሳቸውም የመጡት ተጠራጥረው ሳይሆን ተቀይመው ነው፤ ባይቀየሙ ኖሮ የሌላው ሁሉ ብር ተከታትሎ በሄደ ነበር።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ አምስት ሰዎች 10,000 ብር አስገብተዋል። ከእነሱ አንዷ የሽያጭ ሠራተኛ ስትሆን፣ ብሩን ከመላኳ በፊት ስልኳ ያሳያት የተቀባይ ስም የእኔ እንዳልሆነ በደንብ አይታ ነበር። ለምን እንዳልደወለችልኝ ስጠይቃት፣ «የባለቤትህ ዘመድ ይሆናል ብዬ ነው፤ ያላመንሁህ መስሎህ እንዳትቀየመኝ ፈራሁ» አለችኝ። ልወቅሳት አልቻልሁም፤ እኔም ከአንድ ቀን በፊት ጓደኛዬን ያልደወልሁለት በዚሁ ምክንያት ነውና። ያ ሌባ የኮምፒውተር ዕውቀቱ እምብዛም ይመስለኛል፤ ይሉኝታችንን ግን ጠንቅቆ ያውቃል።

የኮምፒውተር ክፍል ባልደረባችን የቴሌግራሜን ማስተካከያ ከፍቶ «መሣሪያዎች» የሚለውን ሲነካ ከእኔ ስልክ ሌላ የማላውቀው ስልክ ተመዝግቦ አገኘን፤ ወዲያውኑ አስወጣው። እግረ መንገዱንም አዲስ የገባ ስልክ ቀድመው የነበሩትን ማስወጣት የሚችለው 24 ሰዓት ካለፈው በኋላ እንደሆነ ነገረኝ፤ ጋሼ ቅሬታቸውን አንድ ቀን አሳድረውት ቢሆን ኖሮ የምባረረው እኔ ነበርሁ። ከዚያም ከመግቢያው ቁጥር በተጨማሪ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ሁለተኛ መቆለፊያ አበጀልኝ። ይህ መቆለፊያ እሑድ ማታ ቢኖር፣ ያቺን ባለ 5 አሃዝ ቁጥር ብቻዋን ይዞ መግባት ባልቻለ ነበር።

ወደ ባንኩ ስንደውል ገንዘቡ ወጥቶ ሒሳቡ ውስጥ 300 ብር እንኳ አልቀረም። ለፖሊስ አመለከትሁ፤ ቃሌን የተቀበለኝ መርማሪ ጉዳዩ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንደሚታይ ገልጾ ከአምስቱ ሰዎች ስልክ ላይ የመልእክቶቹን ቅጂ ወሰደ። ዳኛ ነኝና 10,000 ብሩን ዕጣዬ ሲደርስ ከራሴ አጎደልሁ። ሁለቱ አንቀበልም ብለው ነበር፤ ብዙ ከተከራከርን በኋላ ተቀበሉኝ።

ጉዳዩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ሹፌራችን ከባንክ ነኝ የሚል ሰው እንደደወለለት አጫወተኝ። ደዋዩ ሙሉ ስሙን እስከ አያቱ፣ የትውልድ ቀኑንም ጭምር ጠርቶለት፣ ሒሳቡን ከፋይዳ ጋር ለማያያዝ አሁን በስልኩ የሚደርሰውን የማረጋገጫ ቁጥር እንዲያነብለት ጠየቀው። ሹፌሩ ሲሚንቶ ጭኖ እየነዳ ስለነበር ቆይተህ ደውል ብሎ ዘጋበት። እየነገረኝ ሳለ ሰውነቴ ቀዘቀዘ፤ እነዚያ ዝርዝሮች የት እንዳሉ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለምና።

የደመወዝ ሒሳብ ስናስከፍት አብዛኛው ሠራተኛ የመታወቂያውን ፎቶ በቴሌግራም የላከው ለእኔ ነበር። ሥራው ካለቀ ሁለት ዓመት ቢያልፈውም የ31 ሰው መታወቂያ፣ ፊትና ጀርባ፣ እዚያው ከሰላምታና ከቀልድ መካከል ተቀምጦ ኖሯል። 10,000 ብር ከዕጣዬ ላይ ተቀንሶ ይተካል፤ የሰው የትውልድ ቀንና የአያት ስም ግን አንዴ ከወጣ በኋላ በምን ይተካል? በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ቆሜ የ31 ሰው መታወቂያ በሌባ ዓይን እንዳለፈ ስናገር ያፈርሁትን ያህል በሥራ ዘመኔ አፍሬ አላውቅም። ሥራ አስኪያጁ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ሥራው ሲያልቅ ለምን አልጠፋም?» መልስ አልነበረኝም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰው መረጃ አያያዝ በጨዋነታችን ላይ ብቻ የተተወ ጉዳይ አይደለም።

በዚያው ሳምንት ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አጠፋሁ፤ ሠራተኞቹም ከእነሱ ዘንድ እንዲያጠፉ ጠየቅሁ። አሁን መታወቂያ የሚያስፈልገው ሰው በአካል ይዞ ይመጣል፤ አይተን እንመልስለታለን። የፋይዳ ቁጥር የግድ ሲያስፈልግም ባለ 12 አሃዙን ትተን ለሌላ ሰው ለመስጠት የተዘጋጀውን ባለ 16 አሃዙን እንቀበላለን። የክፍያ ሒሳብ ተቀየረ የሚል መልእክት ከዕቁብም ሆነ ከዕቃ አቅራቢ ቢመጣ፣ ቀድሞ በእጃችን ባለው ስልክ ቁጥር ደውለን ድምፅ ሳንሰማ አንዲት ብር አንልክም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዳንድ አቅራቢዎች ቅር ተሰኝተው ነበር፤ እየዋለ እያደር ግን እነሱም እኛን መልሰው እየደወሉ ማጣራት ጀመሩ።

ጋሼ እስካሁን ሰኞ ሰኞ ይደውላሉ። ቢሮዬ ከመጋዘኑ 50 እርምጃ አይርቅም፤ የሒሳብ ቁጥሬም አልተቀየረም።

«አንተ ነህ?» ይሉኛል።

«እኔ ነኝ ጋሼ፤ እንደምን አደሩ?»

«አደሩ ካልህ አንተው ነህ» ይሉና ብሩን ይልካሉ።