የጉበት ሴል ብዬ ያሳደግኩት

ዛሬ ጠዋት ሄፕጂ2 የሚባሉትን የጉበት ሴሎቼን ለአምስተኛ ጊዜ ፓሴጅ አደረግኩ፤ ማለትም ከፍለው እንዲያድጉ ወደ አዲስ ፍላስክ (የማሳደጊያ ጠርሙስ) አዛወርኳቸው። ደህና ናቸው። ይህን ለማለት አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ጥያቄዬ የጫት ኤክስትራክት (ከቅጠሉ ተነጥሮ የወጣው) የጉበት ሴልን ይጎዳል ወይ የሚል ነው። ሐረር ውስጥ ለምን እንደምጠይቅ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከቤቴ እስከ ፈረስ መጋላ ስንቱ ጫት ይዞ ያልፈኛል።

የቀዘቀዙ ሴሎችን ማቅለጥ፣ ማጠብ፣ መቁጠር እጅ ይለምደዋል። የጎዳኝ የሴሉ ምርጫ ነው።

መጀመሪያ የሠራሁት «ቻንግ ሊቨር» በሚባለው ሴል ነበር። አንድ ወዳጄ ከሌላ ላቦራቶሪ አመጣልኝ። ስሙ ጉበት ይላል፣ በነፃ ነው፣ ወዲያው ተቀበልኩ። ዓርብ ሳሳ አድርጌ የበተንኩት ሰኞ ፍላስኩን ሞልቶ፣ ቀዩ ሚዲየም (ሴሎቹ የሚመገቡት ፈሳሽ) ቢጫ ሆኖ ይጠብቀኛል። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በሰባተኛው ወር አንድ ማታ ስሙን ሴሎሳውረስ ላይ ፈለግኩት። ነፃ የሴል ላይኖች (በላቦራቶሪ እየተባዙ የሚኖሩ የሴል ዘሮች) መዝገብ ነው። ሴሉ ሄላ ነው ይላል! ሄላ እ.ኤ.አ. በ1951 ባልቲሞር ውስጥ ከሄንሪታ ላክስ የማኅፀን በር ካንሰር የተወሰደው ነው። ጉልበተኛ ነው። ትንሽ ጠብታ ሌላ ፍላስክ ውስጥ ከገባች እዚያ የነበረውን ሴል አስወጥቶ ቦታውን ይወርሳል። የዘረመል ተመራማሪው ስታንሊ ጋርትለር ይህን ጉድ በ1966 ይፋ አውጥቶታል። የተሳሳተው ስም ግን ዛሬም ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ይዞራል። ስለ ጉበት ብዬ የሞላሁት ደብተር የማኅፀን በር ሴል ሆኖ ቀረ። አለቀስኩ። ፍላስኮቹን በረኪና ሞልቼባቸው ጣልኳቸው።

ስለዚህ በስጦታ የመጣ ሴል ማንነቱ በኤስቲአር የዲኤንኤ ምርመራ ሳይረጋገጥ አትንኩት። ምርመራው ገንዘብ ይጠይቃል፣ አውቃለሁ። መዝገቡን ማየት ግን አምስት ደቂቃ ነው፣ እሱን ላለማድረግ ምክንያት የለም።

አሁን የያዝኩት ሄፕጂ2ም እንከን አለበት። የተወሰደው ከአንድ የ15 ዓመት ልጅ የጉበት ዕጢ ነው። መድኃኒት የሚሰባብሩት ኢንዛይሞቹ ከእውነተኛው ጉበት በጣም ያነሱ ናቸው። ስለዚህ ጫቱ ምንም ባያደርገው እንኳ «ጉበት አይነካም» ብዬ አልጽፍም። ሄፓአርጂ የሚባለው ሌላ የጉበት ሴል ይሻል ነበር፤ ዋጋው ከአቅሜ በላይ ሆነ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ሴሎችን የሚበክለውን ጥቃቅን ባክቴሪያ፣ የማይኮፕላዝማን ምርመራ፣ እስካሁን አላደረግኩም። ማይኮፕላዝማ ሚዲየም ስለማያደፈርስ በዓይን አይለይም። የሴል ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊንም አይሠራበትም። ኪቱ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ የማንንም ፍላስክ ኢንኩቤተራችን (ሴሎቹን በሙቀት የምናቆይበት ሳጥን) ውስጥ ከሄፕጂ2ዎቼ ጋር አላስገባም።