ፈተና ላይ የጠፋ መልስ በር ላይ ለምን ይመጣል?

ሌሊቱን ሙሉ የተጠናው ነገር የፈተናው ወረቀት ሲገለበጥ ድራሹ ይጠፋል። ወረቀቱ ተሰብስቦ ከክፍል ሲወጡ ደግሞ ኩልል ብሎ ይመጣል። ተማሪው «ድሮም አልገባኝም ነበር» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ትምህርቱ ግን እዚያው ነበር፤ ያስቸገረው ማውጣቱ ነው።

ስንደነግጥ አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን በሰከንዶች ውስጥ ይለቀቃል፤ ልብ ይመታል፣ መዳፍ ያልበዋል። ሌላው የጭንቀት ሆርሞን ኮርቲሶል ዘገምተኛ ነው፤ ደም ውስጥ ጣሪያ የሚነካው ድንጋጤው ከጀመረ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ነው። ጥሩ ጀምሮ መሃል ላይ ባዶ የሚሆንበት ሰው አንዱ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

የሚገርመው፣ እነዚሁ ሆርሞኖች ስንማር ውለታ ይውሉልናል። ግራና ቀኝ፣ ከጆሮ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚገኘው የአንጎል ክፍል አሚግዳላ፣ አንድ ነገር ሲያስፈራን ወይም ሲያስደስተን ትውስታ የሚያስቀምጠውን ጎረቤቱን ሂፖካምፐስን አጥብቆ እንዲይዘው ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት፣ አድሬናሊንን የሚያግደውን ፕሮፕራኖሎል ወስደው አሳዛኝ ታሪክ የሰሙ ሰዎች፣ ከሳምንት በኋላ አሳዛኙን ክፍል ከተራው አስበልጠው አላስታወሱም። ሲያወጡት ነው ነገሩ የሚገለበጠው። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ሌላ ሙከራ፣ ቃላት ካጠኑ ከአንድ ቀን በኋላ፣ ሊጠየቁ አንድ ሰዓት ሲቀራቸው ሰውነት ወደ ኮርቲሶል የሚለውጠውን ኮርቲዞን 25 ሚሊግራም የዋጡ ሰዎች ያስታወሱት ቃል ቀነሰ።

ስለዚህ ዋናው ዝግጅት ደብተር ዘግቶ ራስን መጠየቅ ነው። ደጋግሞ ማንበብ «አውቀዋለሁ» የሚል ስሜት ይሰጣል እንጂ ማውጣትን አያለማምድም። ደብተር ዘግቶ የተጠና ነገር ጭንቀት ሲመጣም በቀላሉ አይናድም።

ፈተናው ሊጀመር ሲል አየር በአፍንጫ 4 ሰከንድ ማስገባት፣ 6 ሰከንድ ማስወጣት፤ አምስት ደቂቃ ያህል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ቶሎ ቶሎ በረጅሙ ሲስቡ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወጥቶ ያልቅና ያዞራል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ድንጋጤውም ይብሳል።

መልሱ እንቢ ካለ አለመታገል ነው። አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አራት ነገር ያህል ነው፤ «ልወድቅ ነው» የሚለው ሐሳብ አንዱን ቦታ ከያዘ ለስሌቱ የሚተርፈው ሦስት ነው። ጥያቄውን ምልክት አድርጎ ማለፍ፣ ጠርዙ ላይ ከርዕሱ ጋር የሚዛመዱ ሁለት ሦስት ቃላት መጫር፣ ሌላ ሁለት ጥያቄ ሠርቶ መመለስ። አንዷ ቃል ሌላውን ጎትታ የምታመጣው ብዙ ጊዜ ያን ጊዜ ነው።