የተውሶ አልጋ

ትናንት እናቴ ቁም ሳጥኗን ስታራግፍ አንድ ነጭ ጋውን አወጣች። "ይሄን ለሥጋ ቤቱ ሰውዬ ሳትመልስለት ቀረህ አይደል?" ብላ ተቆጣችኝ። ሃያ ምናምን ዓመት አልፎታል እኮ!

ዶክተር ነበርኩ። በ1995 ዓ.ም.፣ ጉለሌ፣ የቀበሌያችን አዳራሽ መድረክ ላይ። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩና በየትምህርት ቤቱ ፀረ ኤድስ ክበብ ነበር። ክበብ ካለ ደግሞ ድራማ አለ። የእኛን ያዘጋጀልን ሰውዬ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ የነበረ ነው። እሱ ቤት ቀስ ብሎ መናገር አይታወቅም። የሚሞተው ልጅ እንኳ እየፎከረ ነበር የሚሞተው። ብሔራዊ ቴአትር ከ1948 ጀምሮ እዚያው ከተማችን ውስጥ አለ፤ ከእኛ መሃል ግን ገብቶ ያየ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው።

ገንዘብ የለንም። ስለዚህ ዕቃው ሁሉ ተውሶ ነው። መጋረጃው የአራት ቤት አንሶላ ተሰፍቶ። ወንበሩ የእድር። ጋውኑ የሥጋ ቤት። ደረቱ ላይ ያለችው ነጠብጣብ ብትታጠብ ብትታጠብ አልለቅ አለች፤ አዘጋጃችን "ለዶክተርም ያስኬዳል" ብሎ አለፋት። ዕቃውን ያዋሰ ሰው መቼም ዕቃው ምን እንደሆነ ለማየት መምጣቱ አይቀርም። አዳራሹን ግማሽ የሞሉት እነሱ ናቸው።

የቀረውን ግማሽ ለመሙላት የእድሩን ጡሩምባ ነፊ ለመንነው። ቅዳሜ ጠዋት ነፋ። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግር ብሎ ወጣ። "ማን ሞተ?" "ማንም አልሞተም፣ ዛሬ ድራማ አለ!" የእድሩ ዳኛ ሊበሉን ደረሱ። እውነታቸውን ነው። ነፃው የኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ነው የጀመረው። ከዚያ በፊት ያ ጡሩምባ በሳምንት ስንቴ ይነፋ እንደነበር የዚያን ጊዜ ሰው ያውቀዋል። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን "ምን ነበር ያመመው?" ሲባል መልሱ ያው ነው። ሳንባ። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም "ሳንባ" ይላል።

አልጋውን ያዋሱን እናት ልጃቸውን የቀበሩት በዚያው ዓመት ነው። የእሱ አልጋ ነበር። ለመጠየቅ አፍረን ከሌላ ሰው ስንፈልግ ሰምተው "የኔን ለምን አትወስዱም?" አሉን። ከፊተኛው ረድፍ ተቀመጡ።

ድራማው መጀመሪያ ላይ ያስቃል። "ያቺ የኔ ምጣድ ናት!" የሚል ሰው አለ። "አትመኚው ልጄ፣ ውሸታም ነው!" ብለው ተዋናዩን የሚሰድቡ አዛውንት አሉ። ልጁ አልጋው ላይ ሲተኛ ግን አዳራሹ ጭጭ አለ። እኔ ገባሁ። እጁን ይዤ የምናገረው ቃል ነበረኝ። አፌን ሳልከፍት እኚያ እናት ተነሱ። ቀስ ብለው መድረኩ ላይ ወጡ። የልጁን ብርድ ልብስ ወደ ትከሻው ሳብ አድርገው አለበሱት። እግሩንም ሸፈኑለት። ልጁ ግራ ገብቶት "እግዜር ይስጥልኝ እማማ" አለ። ድርሰቱ ላይ የለም። እኔ ቃሌ ጠፋኝ። ከመጋረጃ ጀርባ አስታዋሹ ቢያንሾካሹክም አልሰማሁትም። የሚሰማው ለቅሶ ብቻ ነው። ለስንቱ ሰው እንደተለቀሰ እንጃ። ድራማው እዚያው ላይ አለቀ፤ የመጨረሻው ትዕይንት ሳይታይ ቀረ። ዶክተሩ የሚመክርበት ትዕይንት ስለነበር ብዙም አልጎደለም።

ማታውኑ አልጋውን ለአራት ተሸክመን መለስነው። ሴቶቹ ምጣድና አንሶላቸውን እንደያዙ ተከትለውን ገቡ። ከልጁ አርባ ወዲህ ያን ቤት ያልረገጡ ጎረቤቶች ነበሩባቸው። ቡና ተፈላ። እኚያ እናት የልጃቸውን ነገር ከመጀመሪያው ጀምረው አወሩ። "ሳንባ" አላሉም።

ጋውኑን ነገ ይዤ እሄዳለሁ። ሥጋ ቤቱ ይኑር አይኑር እንጃ። እናቴ ግን ነጠብጣቧን ልታስለቅቅ ዛሬም ዘፍዝፋዋለች።