ኮርኒሱ ሲነሳ

ቃሊቲ አካባቢ አንድ አሮጌ የብረት መጋዘን ነበር። ባለቤቱ ነቅሎ ሌላ ቦታ ሊተክለው ፈለገ። ብረት በዶላር በሚገባበት አገር ደህና ቢም፣ ጣራ ተሸካሚውን አግዳሚ ብረት፣ በኪሎ መሸጥ ያንገበግባል። የእኔ ሥራ የመጋዘኑን ዲጂታል መንትያ መሥራት ነበር፦ እያንዳንዱ ቢም የት እንዳለ፣ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ በምን እንደታሰረ ኮምፒውተር ላይ የሚያሳይ ሞዴል።

ጉራዬ አይጣል ነበር። ኔዘርላንድስ ውስጥ በ2019 እ.አ.አ. የተጠናቀቀውን የትሪዮዶስ ባንክ ሕንፃ እያነሳሁ ሰውየውን አሰለቸሁት። ሕንፃው ሲያስፈልግ እንዲፈታ ተብሎ በ165,312 ብሎን ነው የተገጣጠመው፤ ዕቃውም ተመዝግቧል። "የእኛም እንደዚያ ይፈታል" አልኩ።

ሁለት ቀን በሌዘር ስካን አደረግን። ዓምዱም ግድግዳውም ቁልጭ ብሎ ወጣ። ቢሮ በሆነው በኩል ግን ኮርኒስ አለ። ሌዘር ኮርኒስ አይገልጥም፤ እኔም አላስገለጥኩም። የድሮው ፕላን "ብሎን" ይላል። "ብሎን" ብዬ ሞላሁና 18ቱንም ቢም ሞዴሉ ላይ አረንጓዴ ቀባኋቸው፤ "ተፈትቶ ይወጣል" ማለት ነው። በዚያ ተማምነን አዲሱ ቦታ ላይ መሠረት አወጣን። ከዓምድ ዓምድ 7.20 ሜትር።

የመፍቻው ቀን ኮርኒሱ ተነሳ። አቧራው ሳይበርድ በያጁ ጋሼ ከላይ ተጣሩ።

"ኢንጂነር፣ ይሄ በመፍቻ አይወጣም! ብየዳ ነው።"

መሰላሉን ወጣሁ። ብሎኖቹ እንዳሉ አሉ፤ ዙሪያቸው ግን ጥርቅም ተደርጎ ተበይዶ አንቲረስት ተቀብቷል። 7 ቢም እንደዚያው ነው።

"የማን ሥራ ነው ይሄ?" አልኩ፣ ተናድጄ።

"የእኔ" አሉ ጋሼ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው እየገፉ። "አንድ ክረምት ንፋስ ጣራውን ሲያነቃንቀው ጠርተውኝ ነው። ያኔ እንኳን አመስግነውኝ ነበር።"

ሁለት ሳምንት ሙሉ አብረን ሻይ ጠጥተናል። አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም። መንትያ ያልኩት ነገር መጋዘኑ የተወለደ ዕለት የተነሳው ፎቶ ኖሯል፤ ከዚያ ወዲህ የተጠገነውን አያውቅም።

በግራይንደር ተቆረጠ። ሰባቱ ቢሞች ከየጫፋቸው 15 ሳንቲሜትር አጥተው 6.90 ሆኑ። መሠረት ደግሞ ተጎትቶ አይጠጋ! ሒሳቡ እንደ አዲስ ተሠራ፣ ማራዘሚያ ብረት ተገዛ፣ ወጪው ከእኛ ኪስ ወጣ።

አሁን በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው አረንጓዴ የምቀባው። ከፕላን የወሰድኩት ቢጫ ነው፤ ቢሙ ቢጫ እያለ ለማንም ቃል አልገባም፣ ኮርኒስም አስከፍታለሁ። የእነዚያ የሰባቱ ቢሞች ሞዴል ላይ፣ ማስታወሻው ሳጥን ውስጥ፣ የጋሼ ስልክ ቁጥር አለ።